የፍሬ ቀለም ከየት ይመጣል? የቲማቲም፣ የፓፓያና የብርቱካን ቀለም አያያዝ

ለኤረር ሸለቆ አትክልትና ፍራፍሬ አምራች አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስታጠናቅቁ፦
• የፍሬ ቀለም እንዴት እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ፤
• የቀለም ጉድለት ከዘር፣ ከብስለት ወይም ከሙቀት መምጣቱን ትለያላችሁ፤
• ለእያንዳንዱ ተገቢውን መፍትሔ ትወስዳላችሁ።

መግቢያ

ምርታችሁን በኤረር በር በኩል ሐረር ገበያ ስታደርሱ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቲማቲሙ ቢጫ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። ይህ ሲያጋጥም አንዳንዱ «ዘሩ መጥፎ ነው» ብሎ ዘር ይቀይራል፤ ሌላው «በሽታ ነው» ብሎ መድኃኒት ይገዛል። ምክንያቱ ካልታወቀ ግን ወጪው ይባክናል፤ ቀለሙም አይስተካከልም።

1. ቀለሙ እንዴት ይሠራል?

በቲማቲም፣ በፓፓያ፣ በማንጎና በብርቱካን ውስጥ ያለው ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም በአብዛኛው የሚመጣው ካሮቲኖይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ተክሉ እነዚህን ደረጃ በደረጃ ይሠራቸዋል። መጀመሪያ ቀለም የሌለው ፋይቶይን ይሠራል፤ ፋይቶይኑ ወደ ቀዩ ላይኮፒን ይለወጣል፤ ላይኮፒኑም ወደ ብርቱካናማው ቤታ ካሮቲን ይለወጣል። ቤታ ካሮቲን በሰውነታችን ውስጥ ቫይታሚን ኤ ስለሚሆን ለልጆች ዓይንና ጤና በጣም ይጠቅማል።

እያንዳንዱን ደረጃ የሚያከናውነው ኢንዛይም ነው። የኢንዛይሙ አሠራር የተጻፈው ደግሞ ከእናትና ከአባት ተክል በሚወረስ ዘረ-መል ላይ ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ የሚያሠራውን ዘረ-መል እንደ ጀጎል በር ቁጠሩት፤ በሩ ከተዘጋ ጭነቱ አይገባም። በቲማቲም ይህ ዘረ-መል ሲበላሽ ፍሬው በደንብ ቢበስልም ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

2. ቲማቲም፦ ሙቀትና ብስለት

ፍሬው ጥሬ ሳለ የቀለም ዘረ-መሎቹ ሥራቸው ዝቅተኛ ነው። ዘሩ ሲጎመራ ፍሬው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ዘረ-መሎቹን ያነቃቸዋል። አረንጓዴው ይጠፋል፤ ላይኮፒን ይከማቻል። ስለዚህ ሳይጎመራ የተቀጠፈ ቲማቲም ጥሩ ቀለም አይይዝም።

ላይኮፒን በደንብ የሚሠራው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ባለው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ ሥራው ይዳከማል፤ ቤታ ካሮቲን ግን መሠራቱን ይቀጥላል። በሞቃት ወራት የኤረር ቲማቲም ወደ ቢጫና ብርቱካናማ የሚያደላው በዚህ ነው። ዘሩ ጤናማ ነው፤ መድኃኒትም አይፈልግም። ማድረግ ያለባችሁ፦

• ቅጠሉን አታራግፉ፤ ለፍሬው ጥላ ነው።
• ፍሬው ቀለም መያዝ ሲጀምር ቀጥፋችሁ ነፋሻ ጥላ ውስጥ አብስሉት።
• ለማፍጠን ከፈለጋችሁ የበሰለ ሙዝ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ኤቲሊን ያወጣል። ካርባይድ ግን አትጠቀሙ፤ ለጤና አደገኛ የሆኑ ባዕድ ነገሮች ይገኙበታል።
• የመትከያ ጊዜያችሁን ምርቱ ከከባዱ ሙቀት በፊት ወይም በኋላ እንዲደርስ አስሉ።

3. ፓፓያ፦ የዘር ጉዳይ

በፓፓያ ላይኮፒንን ወደ ቤታ ካሮቲን የሚለውጠው ዘረ-መል ጤናማ ከሆነ የፍሬው ሥጋ ቢጫ ይሆናል። ከተበላሸ ላይኮፒኑ ሳይለወጥ ስለሚከማች ሥጋው ቀይ ይሆናል። ቢጫው በቀዩ ላይ ያይላል፤ አንድ ዛፍ ቀይ ፍሬ የሚሰጠው ከእናቱም ከአባቱም የቀዩን ዘረ-መል ከወረሰ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይታለላሉ። የፍሬው ሥጋ የእናት ዛፍ አካል ስለሆነ፣ የቀይ ፓፓያ አበባ ከጎረቤት ቢጫ ፓፓያ ዱቄት ቢያገኝም ያ ፍሬ ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ለውጡ ያለው በውስጡ ባሉት ፍሬዎች ነው፤ እነሱን ስትዘሩ ብዙዎቹ ቢጫ የሚያፈሩ ዛፎች ይሆናሉ። ይህን የምታውቁት ደግሞ ዛፉ ሲያፈራ፣ ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወንዴና ሴቴ ክፍል በአንድ አበባ ላይ ያለውን ቀይ ዛፍ ምረጡ። አበባው ሳይፈካ በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት፤ ፍሬ ሲይዝ ከረጢቱን አንሱና ፍሬውን በክር ምልክት አድርጉበት። ለዘር የምትወስዱት ከዚያ ፍሬ ብቻ ይሁን።

4. ብርቱካን፦ ልጣጩን አትመኑ

የብርቱካን ልጣጭ አረንጓዴነቱን ለቆ ብርቱካናማ የሚሆነው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። በሞቃት ቆላ ውስጡ ጣፍጦ ልጣጩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ቀለም ስትጠብቁ ፍሬው እንዳያልፍባችሁ ከተለያዩ ዛፎች ጥቂት ቀጥፋችሁ ጭማቂውንና ጣዕሙን ፈትሹ። ለገዢም ቆርጣችሁ አሳዩ።

ማጠቃለያ፦ ምልክቱን አይቶ ምክንያቱን መለየት

• በቀዝቃዛ ወቅት ቀይ፣ በሞቃት ወቅት ብርቱካናማ የሚሆን ቲማቲም፦ ሙቀት ነው።
• በሁሉም ወቅት በስሎም ቢጫ የሆነ ቲማቲም፦ ዘር ነው፤ ሌላ ዝርያ ምረጡ።
• ተቀጥፎ ለቀናት ቢቆይም ያልቀላ ጠንካራ ፍሬ፦ ሳይጎመራ ተቀጥፏል።
• ከቀይ ፓፓያ ዘር የበቀለ ቢጫ ፓፓያ፦ ዘሩ ተዳቅሏል።

የተግባር ሥራ

ቀለም መያዝ የጀመሩ 10 ቲማቲሞች ምረጡ። 5ቱን ተክሉ ላይ ተዉ፤ 5ቱን ቀጥፋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። በ7ኛው ቀን ሁሉንም ወደ ቡድን ስብሰባችሁ አምጡና ቀለማቸውን አወዳድሩ። የትኛው የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ ተወያዩ፤ ውጤቱን ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አሳውቁ።