ከዶዶ ቅጠል ስለሚሠራ ሾርባ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በዓመት ሁለት የዝናም ወራት ስላሏት ቅጠላ ቅጠል ከገበያዋ አይጠፋም። ነገር ግን በብዙ ቤት ሳህኑን የሚሞላው ማቶኬ የተባለው የሚቀቀል ሙዝ፤ ፖሾ የተባለው የበቆሎ ገንፎ ወይም ካሳቫ ነው። ቅጠሉ የሚቀርበው በጥቂቱ ለማባያ ያህል ነው።

የእነዚህ ምግቦች ልዩነት በቍጥር ሲታይ ግልጥ ይሆናል። 100 ግራም የተላጠ ጥሬ ማቶኬ 30 ግራም ገደማ፤ ካሳቫ ደግሞ 38 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ዶዶ ግን ያለው 4 ግራም ያህል ብቻ ነው። ካርቦሃይድሬት በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ቅጠሉን አብዝቶ ማቶኬውን መቀነስ ይጠቅመዋል።

ስለ አትክልቱ ምርጫ፤ ዶዶ በኢትዮጵያ አሉማ ከሚባለው ተክል ወገን ነው። ናካቲ የሚባለው ቅጠልና እንቱላ የሚባለው ፍሬ ደግሞ የአንድ ተክል ሁለት ዐይነቶች ናቸው፤ የሊቃውንት ስማቸውም ሶላኑም ኤቲዮፒኩም ይባላል። እነዚህ ሁሉ በናካሴሮና በካሌርዌ ገበያ ይገኛሉ። ሲገዙ ቅጠሉ ያልጠወለገ መሆኑን ማየት፤ የት እንደ በቀለም መጠየቅ ይገባል። የከተማ ፍሳሽ በሚወርድበት ረግረግ ወይም መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር የበቀለ ቅጠል ባይገዛ ይሻላል፤ ከአፈሩ የጠጣው መርዝ በመታጠብ አይለቅምና።

ለ4 ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው፤ ግማሽ ኪሎ የዶዶ ቅጠል፤ 200 ግራም እንቱላ፤ 2 ቲማቲም፤ 1 ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፤ ጥቂት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፤ 50 ግራም የተወቀጠ ኦቾሎኒ፤ 1 ሊትር ውሃ፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ቅጠሉ ሳይከተፍ በፊት ውሃው እየተለወጠ ደጋግሞ ይታጠባል። ከተከተፈ በኋላ ቢታጠብ ግን ጥቅሙ ከውሃው ጋር ይፈሳል።

2ኛ፤ ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፤ ቲማቲሙ፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይጨመራሉ። ቀጥሎ የተከተፈው እንቱላና ውሃው ይገባሉ።

3ኛ፤ ኦቾሎኒው በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመርና እየተማሰለ በዝግታ 20 ደቂቃ ይበስላል። የሻገተ ወይም መልኩ የተለወጠ ኦቾሎኒ አስቀድሞ ተለቅሞ መጣል አለበት፤ የሻጋታው መርዝ በመቀቀል አይጠፋም።

4ኛ፤ ቅጠሉና ጨው መጨረሻ ላይ ገብተው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ብቻ ይቆያሉ።

እንዲህ የተሠራው ሾርባ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ካርቦሃይድሬት 14 ግራም ገደማ ነው። በጥሬው 300 ግራም የሚመዝን የተላጠ ማቶኬ ግን 90 ግራም ገደማ አለው። በካባላጋላ ሰፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሾርባን በዱቄት፤ በሽሮ ወይም በድንች ማወፈር የለመዱ ቢሆኑ፤ ይህ የታሰበውን ጥቅም የሚያፈርስ መሆኑን ማስተዋል ይገባቸዋል። የማወፈሩን ሥራ ኦቾሎኒው ይፈጽመዋል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚቀንስ እንክብል የሚወስድ ሰው ማቶኬውን ወይም እንጀራውን በአንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ሊተው አይገባውም። ምግቡ ተቀንሶ መድኃኒቱ እንደ ቀድሞው ሲሠራ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ሰውየው ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱንም ይስታል፤ ቶሎ ካልተረዳም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ምልክቱ ሲታይም፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጣ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ ሳይሰጥ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። በዕድገት ላይ ላሉ ልጆችም ሾርባው ከማቶኬው ወይም ከእንጀራው ጋር ይሰጣቸው እንጂ በእርሱ ፈንታ አይሁን።

ቦታ የጠበበው ሰው አፈርና የበሰለ ፍግ በጆንያ ሞልቶ ዶዶ ቢዘራ በ4 ሳምንት ገደማ መቅጠፍ ይጀምራል። ከደጁ የሚቀጥፍ ሰው ቅጠሉ በምን አፈርና በምን ውሃ እንዳደገ ያውቃል፤ ገንዘቡንም ጤናውንም ይጠብቃል።