ኮምፒውተር ሲበላሽ ማስጠገንና ሳይበላሽ መጠበቅ፤ ለነጋዴው የትኛው ይሻላል?

በአሁኑ ዘመን በደብረ ማርቆስና በአካባቢው የሚገኝ ነጋዴ፣ እህል አስጫኝም ቢሆን ባለሱቅም ቢሆን፣ ሒሳቡን በወፍራም መዝገብ ብቻ የሚይዝበት ጊዜ አልፏል። ደረሰኙ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ይወጣል፤ የዕቃው ገቢና ወጪ፣ የዱቤው ዝርዝር፣ የሠራተኛው ደመወዝ ፒችትሪ በሚባለው ወይም በሌላ የሒሳብ ፕሮግራም ይመዘገባል። መሣሪያው የቆመ ቀን ንግዱም አብሮ ይቆማልና፣ ጥገናው በምን ዓይነት ውል ቢያዝ እንደሚሻል መመርመር ተገቢ ነው።

ጥገና በሁለት መንገድ ይያዛል። አንደኛው፣ ባለሙያው መሣሪያው ሲበላሽ ብቻ ተጠርቶ ለሠራበት የሚከፈልበት ነው። ሁለተኛው፣ በወር ወይም በዓመት ቁርጥ ዋጋ ተዋውሎ ብልሽት ሳይደርስ በየጊዜው እየመጣ የሚመረምርበት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊስተዋል የሚገባው የውሎቹ ጠባይ ነው። በመጀመሪያው ውል ባለሙያው የሚያተርፈው መሣሪያው ሲታመም ነው፤ ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ደኅና መሣሪያ ገበያ አይሆነውም። በሁለተኛው ግን ክፍያው ቁርጥ ስለ ሆነ፣ ብልሽት በበዛ መጠን ድካሙ የእርሱ ነውና ብልሽቱን አስቀድሞ መከልከል ለራሱም ይጠቅመዋል። ነጋዴዎቻችን አብዝተው የሚዘነጉት ይህን ይመስለኛል፤ የሚያወዳድሩት የክፍያውን ልክ ብቻ ነውና።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያው ዓመቱን በደኅና ቢከርም የመጀመሪያው ውል አንዳች ወጪ የለበትም። ነገር ግን የብልሽት ዋጋ የባለሙያው ክፍያ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ለአዲስ አበባ ገዢ ሦስት መኪና ጤፍ ሊያስጭን ተዘጋጅቶ ሳለ የሒሳቡ ኮምፒውተር ቆመ እንበል። ባለሙያው 4,000 ብር ቢጠይቅ ይህ በግልጽ የሚታይ ወጪ ነው። መኪኖቹ ሁለት ቀን ቢቆሙና ለእያንዳንዳቸው በቀን 5,000 ብር ቢከፈል ግን 30,000 ብር ይሆናል፤ በገዢው ዘንድ የሚጎድለው አመኔታ ገና አልተቆጠረም። በወር 2,000 ብር የሚከፈልበት ውል ደግሞ በዓመት 24,000 ብር ነው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የቀረቡ ናቸውና እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ሒሳብ ይተካቸው።

በእኛ አገር በዚህ ላይ የመንገዱ ርቀት ይጨመራል። ብዙው መለዋወጫ ዕቃ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ዓባይን ተሻግሮ ይመጣል፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜም የአንድ ቀኑ ጥበቃ ሳምንት ይሆናል። የጭነት መኪና ነጂ ፍሬኑን የሚፈትሸው ደጀን ላይ ነው እንጂ ቁልቁለቱን ከጀመረ በኋላ አይደለም።

የመዘግየትን ጉዳት ዓለም በግልጽ ያየው በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ማስከፈቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚያን ቀን ተነሥቶ በ150 ያህል አገሮች ኮምፒውተሮችን አጠቃ፤ በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ብቻ 19,000 ያህል የሕሙማን ቀጠሮ እንደ ተሰረዘ ተገምቷል። ማይክሮሶፍት ግን ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። በወቅቱ ያስገባው ሰው በዚያ ቀዳዳ አልተጠቃም።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ፣ ከቫይረሱ ይልቅ የዘወትር ጠላቶቻችን መብራት፣ መብረቅና አቧራ ናቸው። መሣሪያን አብዝቶ የሚጎዳው የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን ኃይሉ ሲመለስ በድንገት ከፍ ማለቱ ነው። ለዚህም ዩ.ፒ.ኤስ. ይገዛል፤ ባትሪው ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት አገልግሎ ይደክማል፣ መድከሙም ካልተፈተሸ በቀር የሚታወቀው መብራት የጠፋ ዕለት ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ የመብራቱን ገመድ ብቻ ሳይሆን የኢንተርኔቱንም መንቀል ያስፈልጋል። በእህል መደብር ያለ ኮምፒውተር ደግሞ የጤፍና የገለባ ብናኝ ማራገቢያውን እየደፈነው በሙቀት ይጎዳል፤ በየሦስት ወሩ ማጽዳት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

መሣሪያ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል፤ የጠፋ የዱቤ ዝርዝር ግን ከየት ይገዛል? ስለዚህ የሒሳቡ ቅጂ ሁለት ይሁን፤ አንዱም ከሱቁ ውጭ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ዘወትር ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ፍላሽ መጠባበቂያ ሊባል አይችልም፤ ዋናውን ያጠቃ ቫይረስ እርሱንም ይቆልፈዋልና። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ቅጂውን በኢንተርኔት ማከማቻ ብቻ ያኖረ፣ ወይም ከሩቅ በመስመር በሚረዳ ባለሙያ ብቻ የተማመነ ነጋዴ እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱንም ያጣል።

ሕጉም ቢሆን ለሁለቱ መንገዶች ሥፍራ ሰጥቷል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን አጠቃቀም የደነገገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ሲወጣ፣ ብልሽት ሲደርስ ወዲያው ማስታወቅን ብቻ አላዘዘም፤ መሣሪያው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በአገልግሎት ማዕከል እንዲመረመርም አዘዘ።

ይሁን እንጂ አስቀድሞ መጠበቅ ሲባል ዝም ብሎ መነካካት ማለት አይደለም። በመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። የተፈጠረው ችግር ከውጭ በመጣ ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ ተገለጸ፤ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ወጪ አደረጉ፣ ባንኩም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ወጣና እንደ ተዛወረ አስታወቀ። ትልቅ ባንክ እንዲህ ካጋጠመው፣ የትንሽ መደብር ፕሮግራም በገበያ ቀን ወይም የታክስ ማስታወቂያ በሚቀርብበት ሳምንት ሊነካ አይገባውም። ማሻሻያ የሚገባው አስቀድሞ ቅጂ ከተወሰደ በኋላ፣ ሱቅ ከተዘጋም በኋላ ነው።

ሁሉም ነገር በውል ይያዝ ማለቴ ግን አይደለም። አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሽያጭ መሣሪያ ብቻ ያለው ባለሱቅ ለወርሃዊ ውል ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልገውም፤ ቅጂውን ራሱ እያወጣ፣ ባለሙያ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢጠራ ይበቃዋል። የማተሚያ ማሽን፣ የቁልፍ ሰሌዳና የመሳሰለውም ሲበላሽ ቢጠገን ብዙ አይጎዳም። ቁርጥ ውል የሚያስፈልገው ብዙ ሠራተኞች በአንድ መረብ ለሚሠሩበት፣ ወይም አንድ ቀን መቆም ጭነት ለሚያስቀርበት ድርጅት ነው።

እንዲህ ያለውን ውል የሚፈርም ነጋዴ ባለሙያው በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ በቁጥር ያስጽፍ። በእያንዳንዱ ጉብኝት የተሠራው ሥራ በመዝገብ ሰፍሮ ይፈረምበት፤ በየሦስት ወሩም ከመጠባበቂያው ቅጂ አንድ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ይታይ፤ ብዙ ሰው ቅጂው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው በጭንቅ ሰዓት ነውና። የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ ተጽፈው፣ በፖስታ ታሽገው በባለቤቱ ካዝና ይቀመጡ፤ ባለሙያው የይለፍ ቃል በለወጠ ቁጥርም ፖስታው በዚያው ቀን ይታደስ።