በምጥ ጊዜ የፅንሱን የልብ ምት ማዳመጥ

ዮሐንስ መጥምቅ በእናቱ ማኅፀን ሳለ የእመቤታችንን ሰላምታ ሰምቶ በደስታ መዝለሉን ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል (ሉቃ. 1፥41-44)። በምጥ ሰዓት ግን የፅንስ ጭንቀት ለእናቲቱም ሆነ ለከበቧት ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል፤ የሚታወቀው የልቡን ምት በትጋት በማዳመጥ ነው።

ማኅፀን በተኮማተረ ቁጥር ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ለጊዜው ይቀንሳል። ብርቱው ይቋቋመዋል፤ የደከመው ግን የልብ ምቱ ይዛባል። ስለዚህ አዋላጅ ነርሷ ምጡ ከተፋፋመ በኋላ ቢያንስ በየ30 ደቂቃው፣ እናቲቱ መግፋት ስትጀምር ደግሞ በየ5 ደቂቃው፣ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ታዳምጣለች። ጤናማው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ከዚህ ወጥቶ ከቆየ ፈጥኖ መርዳት ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል፤ መዘግየት ሕፃኑን ለሞት ወይም ለዘላቂ የአእምሮ ጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

«ማርያም፣ ማርያም» እያልን መማፀናችን አይቋረጥ፤ ነገር ግን ጸሎታችን የሚያዳምጥ ባለሙያ ባለበት ስፍራ ይሁን። የንስሓ አባቶች የመውለጃዋ ቀን የተቃረበ እናት ጠበሏን ይዛ አስቀድማ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንድትሄድ ይምከሩ። ሰበካ ጉባኤያትም ስንቅና መጓጓዣ ከወዲሁ ያዘጋጁ፤ ምጥ በሌሊት ከመጣ በኋላ መኪና ስንፈልግ የሚያልፈው ጊዜ የሕፃኑ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።