«ይድገሙልኝ» ማለት አያሳፍርም

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ልገልጽላችሁ ያሰብሁት ስለ አማተር ሬዲዮ ውድድር፣ እንዲሁም በርሱ ምክንያት ስለ ሠራሁት ስሕተትና ስላገኘሁት ወዳጅነት ነው።

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት ብለው በሬዲዮ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩበት አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የአየር ክፍል ሲደርስ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል፤ ስለዚህ ተራራና ባሕር ሳያግደው ከክፍለ ዓለም ወደ ክፍለ ዓለም ይደርሳል። እያንዳንዱ ጣቢያ በፊደልና በቁጥር የተሠራ የራሱ መጠሪያ አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ይባላል።

ከውድድሮቹ ሁሉ እጅግ የታወቀው «ሲ ኪው ወርልድ ዋይድ» ነው። በድምፅ የሚደረገው በጥቅምት፣ በሞርስ የሚደረገው በኅዳር ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተጀምሮ 48 ሰዓት ይቆያል። ተወዳዳሪዎቹ መጠሪያቸውን፣ የድምፁን ጥራትና ብርታት፣ ያሉበትንም ቀጠና ይለዋወጣሉ። ዓለም በ40 ቀጠና የተከፈለች ስትሆን ኢትዮጵያ በ37ኛው ውስጥ ናት። ከሌላ ክፍለ ዓለም ጋራ የተገናኘ 3 ነጥብ፣ በዚያው ክፍለ ዓለም ካለ ከሌላ አገር ጋራ የተገናኘ ብዙውን ጊዜ 1 ነጥብ ያገኛል፤ የነጥቡም ድምር በተገኙት አገሮችና ቀጠናዎች ብዛት ይባዛል። ውድድሩ ሲያልቅ የሁሉም መዝገብ እርስ በርሱ ይመሳከራል። መጠሪያ አሳስቶ የጻፈ ሰው ነጥቡን ከማጣቱ በላይ ተጨማሪ ቅጣት ይቀነስበታል።

ስሕተት የሚመጣው እንዴት ነው? በሞርስ «ዩ» የምትባለው ፊደል ነጥብ ነጥብ ሰረዝ ናት፤ «ቪ» ደግሞ ነጥብ ነጥብ ነጥብ ሰረዝ ናት። በፍጥነት ሲላክ ከአንዲት ነጥብ በቀር ልዩነት የላቸውም። በድምፅ ሲነጋገሩም «ቢ»ና «ዲ» ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ «ብራቮ»፣ «ዴልታ» እያሉ ፊደሉን በቃል ይጠሩታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መምህራኖቻችን «ንጉሡ ሠ»፣ «እሳቱ ሰ» እያሉ የሚያስተምሩን ለዚሁ ነውና። ይህም ሁሉ ሆኖ ያልተሰማ እንደ ሆነ «ኤ ጂ ኤን» ብሎ መላክ ይበቃል፤ ትርጓሜውም «ይድገሙልኝ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። አያቴ በወጣትነታቸው በባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ስለ ነበሩ ሞርስን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ያለ ፈቃድ መላክ በሕግ ስለማይፈቀድ እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ የምናደርገው ማዳመጥ ብቻ ነው። ባለፈው ኅዳር በከዚራ ባለው በአያቴ ቤት ከኒም ዛፍ ላይ ሽቦ ዘርግተን፣ በአንድ አሮጌ ሬዲዮ እያዳመጥን፣ በየደብተራችን የሰማነውን ጣቢያ ስንጽፍ አደርን። አንዱ የሌላውን ደብተር እንዳያይ ተስማምተን ነበር። ሲነጋ ብንቈጥር እኔ 112፣ እርሱ 104 ሆነ። ሰኞ በሳይንስ ክበባችን ተጨበጨበልኝ።

ከሰማኋቸው ውስጥ ለአንዱ፣ በፊንላንድ ለሚኖር ሰው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሼ ደብዳቤ ላክሁ። ከሦስት ወር በኋላ መልስ መጣ። ሰውዬው እንዲህ ይላል፦ «በዚያ ሌሊት ታምሜ ተኝቼ ነበር። ነገር ግን በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ከእኔ የሚለይ ወዳጅ አለኝ። መዝገቡን አብረን ብናይ የጻፍኸውን ግንኙነት በዚያው ደቂቃ አገኘነው። የእርሱንም የእኔንም ካርድ ልኬልሃለሁ። አትዘን፤ በሁላችንም መዝገብ ስሕተት አይጠፋም።»

ደብዳቤውን ሳነብ ደስታና እፍረት አንድ ላይ ያዙኝ። እውነቱን ብናገር ያችን ፊደል በደንብ አልለየኋትም ነበር። ጣቢያው መጠሪያውን እስኪደግም መጠበቅ ሲገባኝ፣ ጓደኛዬ እንዳይበልጠኝ ፈርቼ በግምት «ቪ» ብዬ ጻፍሁ። ደብተሬን ደግሜ ብመረምር እንዲህ በግምት የጻፍሁት 11 ሆነ። እነርሱ ሲሰረዙ የቀረኝ 101 ነው፤ አሸናፊው እኔ አልነበርሁም።

ለአያቴ ብነግራቸው፦ «ልጄ፣ እኛ ሐዲዳችን አንድ ነበር። ያልሰማውን ሰምቻለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ያገናኛል። ሂድና ለጓደኛህ ንገረው» አሉኝ።

በዚያው ቀን ደረቁን የደቻቱን አሸዋ ተሻግሬ ወደ መጋላ ሄድሁና ሁሉን ነገርሁት። እርሱም ደብተሩን አውጥቶ ያንኑ ደቂቃ አሳየኝ። መጠሪያውን ጽፎ በመጨረሻዋ ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት አድርጓል፤ ከ104ቱም ውስጥ አልቈጠረውም። «እኔም አልለየኋትም» አለኝ። ተቈጥቶ ይለየኛል ብዬ ስፈራ «ለሚመጣው ኅዳር በአንድ መዝገብ እንጻፍ፤ አንዱ ያልሰማውን ሌላው ይሰማል» አለ። በማግሥቱ በክበቡ ፊት ቆሜ ቍጥሩን አረምሁ፤ ጭብጨባውም ለባለቤቱ ተመለሰ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ይህ ነገር ለጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2006 ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ በከተማችን ብዙ ሰው እንዳለቀ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። እንዲህ ባለ መከራ ጊዜ በሬዲዮ የሚተላለፍ መልእክት አንድ ቍጥር ወይም አንድ የሰፈር ስም ቢሳሳት ርዳታው ወደማይሆን ስፍራ ይሄዳል። ውድድሩ ጆሮንና እጅን ለእንዲህ ያለው ቀን ያሠለጥናል።

ስለዚህ በክፍልም ሆነ በሥራ ያልሰማነውን «ይድገሙልኝ» ብለን እንጠይቅ፤ የተሳሳትነውንም ሳንደብቅ እናርም። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ሽልማት አጥቼ፣ በፊንላንድ ሁለት ወዳጆች አገኘሁ፤ የመጋላውንም ጓደኛዬን አላጣሁትም። የሬዲዮ ሰዎች ሲሰነባበቱ «73» ይላሉ፤ መልካም ምኞቴ ይድረስህ ማለት ነው። እኔም ለሁላችሁ 73 እላለሁ።