የግቢ አግዳሚና የደጀን ክረምት

ጥያቄ፦ ደጀን ባለው ግቢያችን የዋንዛ አግዳሚና ጠረጴዛ አሉን። በበጋ ይሰነጠቃሉ፥ በክረምት ይጠቁራሉ። ቫርኒሽ ብንቀባቸው ይበጃልን? ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ደጀን ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች፥ የበጋ ፀሐይዋ የጸና፥ ሌሊቷ የቀዘቀዘ፥ ክረምቷም ዝናመ ብዙ በመሆኗ፥ እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ እያበጠ፥ ሲደርቅም እየተኮማተረ ባሕርዩ ሳያርፍ ይኖራል፤ ቫርኒሽ ግን ከእርሱ ጋር መላወስ ስለማይሆንለት ይሰነጠቅና ውኃውን ከሥሩ አስሮ ያስቀራል፤ ስለዚህ ደጅ ለሚያድር ዕቃ አልመክረውም።

ይልቅስ ከመስቀል በኋላ፥ እንጨቱ ፈጽሞ ሲደርቅ፥ ጥቁረቱን በሳሙና ውኃና በብሩሽ አጥባችሁ፥ ሲደርቅም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በጅማቱ አቅጣጫ አሽታችሁ፥ የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልተመጠጠውን ጥረጉ፤ ሲደርቅ ድገሙት። የኑግ ዘይት በጎጃም ባይጠፋም፥ አደራረቁ ዘገምተኛ ነውና ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ፥ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጣል ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል፤ ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት፥ አለዚያም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ብልሽት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዕቃው እግር ጫፍ ነው፤ ጅማቱ የተቆረጠበት ስፍራ ውኃ አብዝቶ ይመጥጣልና። ገልብጣችሁ ጫፉን ዘይት እስኪጠግብ ቀቡ፥ ከምስጥም እንዲርቅ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙት። ለሰኔ ሚካኤል ወደ በረንዳ አስገቡት፤ በላስቲክ መጠቅለል ግን እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ያፈራል።