ክፍል መግባት ብቻ አይበቃም

ለአብያተ ክርስቲያናትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ጥናት



ለዚህ ጥናት መነሻ እንዲሆነን እስቲ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል በአሳባችን እንመልከት። ስድሳ ልጆች ተጣበው ተቀምጠዋል። መምህርቷ በሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። በመስኮቱ ጥግ ያለው የሰባት ዓመት ልጅ ግን ሰሌዳውን አያይም፤ ጣቶቹን በዓይኑ ፊት ያወዛውዛል። የእረፍት ደወል ድንገት ሲደወል ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ውጭ ይሮጣል። በማግሥቱ እናቱ ተጠርታ ትመጣለች። «ልጅዎ ክፍሉን ይረብሻል፤ እኛም አልቻልነውም፤ ለጊዜው ቤት ቢያቆዩት ይሻላል» ትባላለች። ያ «ለጊዜው» ብዙ ጊዜ ዓመታት ይሆናል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። መምህርቷ ሌሎች ሃምሳ ዘጠኝ ልጆች አሉባት፤ እንዲህ ያለውን ልጅ እንዴት እንደምታስተምር ያሠለጠናትም የለም። እናቲቱም ልጇ ቤት ተዘግቶበት እንዲያድግ አትፈልግም። የጎደለው በልጁና በትምህርቱ መካከል ድልድይ የሚሆን፣ ሥራውን የተማረ ረዳት ነው። ወላጆች ይህን ረዳት እንዴት እንደሚጠይቁ፣ እኛም ከጎናቸው እንዴት እንደምንቆም በዚህ ጥናት እንመለከታለን። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ኦቲዝም ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሰው ጋር መግባባት ይከብደዋል። አንዳንዱ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው አጥርቶ ቢናገርም ከሰው ጋር ጨዋታ መቀጠል አይሆንለትም። የለመደው ሥርዓት ሲለወጥ ይጨነቃል። ለሌላው ተራ የሆነ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ንክኪ እርሱን ሊያሳምመው ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። እንግዲህ ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ አይደለም።

ኦቲዝም እርግማን አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ወላጆችን ከሁሉ አስቀድሞ ዝም የሚያሰኛቸው ኀፍረት ስለ ሆነ ነው። ወቀሳው ደግሞ የአገራችን ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ባለሙያዎች፣ ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ነፍጋው ነው ይሉ ነበር። በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ የተቃወሙት በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻ ሳይሆኑ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበሩ። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜም፣ ጌታ ሁለቱንም እንዳልተቀበለ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናነባለን። ጥፋተኛ ስንፈልግ የሚያልፈው ዓመት ልጁ ሊማርበት ይችል የነበረው ዓመት ነው።

2. ከእኛ በፊት የጠየቁ ወላጆች

በእንግሊዝ አገር በ1962 ጥቂት ወላጆች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ልጆቻቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው በ1965 በሎንዶን የራሳቸውን ከፈቱ፤ ሥራውንም ሲቢል ኤልጋር የተባሉ መምህርት ይመሩት ነበር።

በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት ኤሪክ ሾፕለርና ሮበርት ራይክለር በ1966 በዩኒቨርሲቲ አንድ ሥራ ጀመሩ። ወላጆችን እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ቆጠሯቸው። ሥራው የቆመው በጊዜያዊ የምርምር ገንዘብ ስለ ነበር ወላጆቹ ወደ ክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች ሄደው ተማጠኑ። በ1972 ቲች የሚባለው አገልግሎት በሕግ ጸና፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራንንም የሚያሠለጥን ሆነ። ወላጆቹ የጠየቁት ለአንድ ልጅ ምጽዋት አልነበረም፤ ገንዘቡ ሲያልቅ የማያልቅ ሥርዓት ነበር።

በዚያው አገር በ1975 የወጣው ሕግ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ሁሉ የመማር መብት ሰጠ። ኦቲዝም በስሙ የተጠቀሰው ግን በ1990 ነው። ረዳቶች ተገቢ ሥልጠናና ክትትል ሊኖራቸው እንደሚገባ በሕጉ የገባው ደግሞ በ1997 ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ «የሠለጠነ» የምትለው ቃል እስክትገባ 22 ዓመት አለፈ! በ2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወላጆች ባቀረቡት ክስ ላይ፣ ትምህርት ቤት ለይስሙላ በምትሆን ጥቂት መሻሻል ሊረካ እንደማይገባው በአንድ ድምፅ ወሰነ።

በአገራችንም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚይዝ ትምህርት ቤት አጥተው ሲቸገሩ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በአማርኛ ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተ፣ አቡጊዳ ያሉትን የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ ከመናገር አላቋረጡም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች የተጀመረ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት ማዕከላት የአገር ልጆችን ሁሉ ሊይዙ አይችሉም። በመሆኑም ጥያቄው ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት።

3. ከጎን የተቀመጠ ሁሉ ረዳት አይደለም

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ብዙ ወላጆች «ከልጄ ጋር የሚቀመጥ ሰው ብቻ አግኙልኝ» ይላሉ። ልመናው ከጭንቅ የመጣ ነው፤ ግን ሊጎዳን ይችላል። በአሜሪካ ማይክል ጂያንግሬኮና ባልደረቦቻቸው በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ረዳት ከልጁ አጠገብ ሳይለይ ሲቀመጥ ልጁ ከእኩዮቹ እንደሚርቅና መምህሩም ልጁን ለረዳቱ ትቶ እንደሚሸሽ አሳዩ። በእንግሊዝ አገር ከ2003 እስከ 2009 በፒተር ብላችፎርድ መሪነት የተደረገው ሰፊ ጥናት ደግሞ፣ ከረዳት ብዙ እርዳታ ያገኙ ተማሪዎች በትምህርታቸው ከሌሎቹ ያነሰ እድገት እንዳሳዩ አገኘ። ጥፋቱ የረዳቶቹ አልነበረም። ሳይሠለጥኑ፣ ከመምህሩ ጋር ሳይመክሩ ወደ ክፍል ተልከው ነበር።

ታዲያ የሠለጠነ ረዳት ምን ያደርጋል?

ሀ) የቀኑን ሥራ በሥዕል ያሳያል። የደብተር፣ የምግብ፣ የጨዋታና የቤት ሥዕል በካርቶን ላይ በተርታ ይለጠፋል። አንዱ ሲያልቅ ካርዱ ይገለበጣል፤ ልጁም ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ይረጋጋል።

ለ) በአጭሩ ተናግሮ ይጠብቃል። «ደብተር አውጣ» ካለ በኋላ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አይጮኽም፤ ልጁ ቃሉን እስኪያብላላ ዝም ይላል።

ሐ) ጩኸቱን እንደ መልእክት ያነባል። ከመጮኹ በፊት ምን እንደ ነበረ፣ ከዚያም በኋላ ምን እንደ ተደረገ በደብተር ይጽፋል። ጩኸቱ ሁልጊዜ ከደወሉ በኋላ ከሆነ፣ ደወሉ ከመደወሉ ከአንድ ደቂቃ በፊት ልጁን ወደ ውጭ ይወስደዋል። በመነሻችን ያየነው ልጅ የሚያስፈልገው ምናልባት ይህችው አንዲት ደቂቃ ነበረች።

መ) ቀስ በቀስ ይርቃል። መጀመሪያ የልጁን እጅ ይዞ ያሠራል፤ ቀጥሎ በጣት ያመለክታል፤ ቀጥሎም በዓይን ብቻ፤ በመጨረሻ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። መልካም ረዳት ራሱን አላስፈላጊ ለማድረግ የሚሠራ ነው።

ሠ) መምህሩን አይተካም። ትምህርቱን የሚያቅደው መምህሩ ነው፤ ረዳቱ ያንኑ ትምህርት ለልጁ ያቀርብለታል።

4. ወላጆች እንዴት ይጠይቁ?

በመጀመሪያ ስለ ልጁ አንድ ገጽ ይጻፍ፦ ምን ይወዳል? ምን ያስፈራዋል? ሲርበው ወይም ሲያመው እንዴት ይገልጻል? ቤት ውስጥ የሚያረጋጋው ምንድን ነው? ይህን ከወላጅ በላይ የሚያውቅ ባለሙያ የለም።

ሁለተኛ፣ ብቻ አይኬድ። ሦስት ወይም አራት ወላጆች አብረው ሲሄዱ ነገሩ የአንዲት እናት ልቅሶ መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ተለይቶ ይቅረብ። «እርዱን» ከማለት ይልቅ፦ ለረዳቱም ለመምህሩም ሥልጠና ይሰጥ፤ ሁለቱ በየሳምንቱ የሚመካከሩበት ሰዓት ይመደብ፤ በየመንፈቀ ዓመቱ ከወላጅ ጋር ተቀምጠን የልጁን እርምጃ እንመልከት። ትምህርት ቤቱ «ሞግዚት ቀጥራችሁ አምጡ» ቢል፣ ወላጅ ለጊዜው ቢስማማ እንኳ ሞግዚቷ እንድትሠለጥንና በመምህሩ እንድትመራ ይጠይቅ።

አራተኛ፣ ደረጃው ይጠበቅ፦ መምህር፣ ርእሰ መምህር፣ የወላጆችና መምህራን ኅብረት፣ ከዚያም የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ማመልከቻው ቀን ይኑረው፤ ግልባጩም ይቀመጥ።

ወላጆች ባዶ እጃቸውን እንዳልሄዱም ይወቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ልጆቹ በመደበኛው ትምህርት ውስጥ ድጋፍ እንዲያገኙ፣ መምህራንና ሠራተኞችም እንዲሠለጥኑ ይላል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 ባወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂም በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚያግዙ የድጋፍ ማዕከላት ታስበዋል። ቢሮ ስንገባ ቁጣ ሳይሆን ይህን ይዘን እንግባ።

5. የእኛ ድርሻ

ለፕሮጀክት ሠራተኞች፦ የመማሪያ ክፍል ስንሠራና የደንብ ልብስ ስናድል ለሥልጠና የሚሆን ገንዘብም በበጀታችን እናስብ። ነገር ግን ለአንድ ዓመት ረዳት ቀጥረን በሁለተኛው ዓመት አንጥፋ። ለውጥ የሚያስጨንቀውን ልጅ ከለመደው ሰው በድንገት መለየት ከባድ ጉዳት ነው። ደመወዙን ከእኛ በኋላ ማን እንደሚከፍል ሥራው ሳይጀመር ከወረዳው ጋር እንስማማ።

ለምእመናን፦ ልጁ በጉባኤ መካከል ሲጮኽ ዞረን አንመልከት። በእሑድ ትምህርት ክፍላችንም የሥዕል ካርዱን እንጀምር፤ ካርቶንና እርሳስ ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ይህን እናስብ፦ ብዙ እናቶች ርእሰ መምህሩን ለማነጋገር የማይሄዱት መብታቸውን ስላላወቁ ብቻ አይደለም፤ ልጁን የሚተዉበት ሰው ስለሌላቸው ጭምር ነው። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች አያያዙን ከእናቲቱ ተምረው፣ ልጁም እስኪለምዳቸው ቤቷ ተመላልሰው፣ በቀጠሮዋ ቀን ለሁለት ሰዓት ቢይዙላት፣ ያ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን በዚህ ምክንያት ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ አለ? ወላጆቹን የጠየቀ ማን ነው?
2. ስለ እነዚህ ልጆች ስንነጋገር ወላጆችን የሚያሳፍሩ ምን ምን ቃላት እንጠቀማለን?
3. «ከጎን መቀመጥ» እና «መርዳት» በምን ይለያያሉ? ከላይ ከተዘረዘሩት አምስት ነጥቦች በእሑድ ትምህርት ክፍላችን በዚህ ወር የትኛውን መጀመር እንችላለን?
4. እናቲቱ ለቀጠሮ ስትሄድ ልጁን ለመያዝ የሚማሩት ሁለት ሰዎች እነማን ይሁኑ? ከመለያየታችን በፊት ስማቸው ይጻፍ።