ዝምድና ብቻውን ሰላም ያመጣልን? የእንግሊዝና የአሜሪካ ግንኙነት ታሪክ

ስለ እንግሊዝና ስለ አሜሪካ ወዳጅነት ስንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ነው። «ቋንቋቸው አንድ ነዋ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እንላለን። ነገ ክፍል ገብተን ይህንኑ ብንደግመው ተማሪው በቃሉ ይይዘው ይሆናል እንጂ አይገባውም። ለምን ቢባል፣ ሁለቱ በጦር ሜዳ ሲፋለሙም ቋንቋቸው ያው አንድ ነበር። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የጠቡ ሥር ግብር ነው። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያካሄደችውና በ1763 ያበቃው ጦርነት ከባድ ዕዳ ጣለባት። ስለዚህ በአሜሪካ ላሰፈረችው ጦር ወጪ ቅኝ ተገዢዎቹ እንዲያዋጡ ብላ በ1765 የቴምብር ግብር አወጣች። 13ቱ ቅኝ ግዛቶች ግን በለንደኑ ፓርላማ አንድም ተወካይ አልነበራቸውም፤ እናም አንከፍልም አሉ። ግብሩ በ1766 ቢነሳም ሌላ ተተካ። በ1773 ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ተጣለ። በ1775 ውጊያ ተጀመረ፤ በ1776 ነፃነት ታወጀ፤ እንግሊዝም በ1783 በፓሪስ ውል ነፃነቱን ተቀበለች።

ነገሩ በዚህ አበቃ? አላበቃም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአሜሪካን መርከቦች እያስቆመ መርከበኞችን በግድ ይወስድ ስለ ነበር፣ ይህና ሌላውም ቅሬታ ተደራርቦ በ1812 እንደገና ተዋጉ። በ1814 የእንግሊዝ ጦር ዋሽንግተን ገብቶ የፕሬዝዳንቱን መኖሪያ አቃጠለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጌንት ከተማ ላይ የሰላም ውል ቢፈራረሙም፣ ወሬው ውቅያኖሱን እስኪሻገር ድረስ በ1815 መጀመሪያ ኒው ኦርሊንስ ላይ ብዙ ሰው አለቀ።

ታዲያ ጠቡ በምን በረደ? በእኛ አስተያየት ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (ከ1861 እስከ 1865) ጊዜ በእንግሊዝ አገር የተሠራችው «አላባማ» የተባለች መርከብ ለደቡቦቹ ቆማ የሰሜኑን የንግድ መርከቦች ስታጠፋ ቆየች። አሜሪካ ካሣ ጠየቀች፤ እንዲያውም ካናዳ በካሣነት ትሰጠን የሚሉ ፖለቲከኞች ነበሩ። ይሁን እንጂ ጠመንጃ አላነሱም። በ1871 ተዋውለው ጉዳዩን ለዳኞች ሰጡ። በ1872 ጄኔቫ የተቀመጡት አምስት ዳኞች እንግሊዝ 15 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር እንድትከፍል ፈረዱ። ኃያሏ እንግሊዝም ከፈለች!

በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የጋራ ጠላት ይበልጥ አቀራረባቸው። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ባንድ ወገን ተሰለፉ። ቢሆንም ጥቅም የተባለው ነገር የትም አልሄደም። አሜሪካ በ1946 ለእንግሊዝ 3 ቢሊዮን 750 ሚሊዮን ዶላር ስታበድር ከነወለዱ ነበር፤ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው። በ1956 እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ሆና ግብፅን ስትወጋም፣ አሜሪካ የገንዘብ መንገዱን ዘግታ ጦሯን እንድታስወጣ አስገደደቻት።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ በአገሮች መካከል ሰላም የሚቆመው በዝምድና ሳይሆን በጥቅም ሚዛንና በዳኝነት መሆኑን ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ፣ ቋንቋው የማይመስለውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ያድጋል። ኃላፊነቱ የእኛ የመምህራኑ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. የ1765ቱን ግብር ያስቆጣው መጠኑ ነው ወይስ አጣጣሉ?
2. እንግሊዝ በ1872 አልከፍልም ብትል ምን ይከተል ነበር?